ክዳኑ ያልተከፈተው ሃይላንድ፦ ከሀዋሳ ወንዶ ገነት በእግር ስንሄድ የሆነው

ልጁ ዕድሜው 24 ነው። ኳስ ተጫዋች ነው፣ ለሰፈሩ ቡድን የመስመር አጥቂ። ሀዋሳ ያለውን የታቦር ተራራ እየሮጠ ወጥቶ፣ እኛ ገና ግማሽ ሳንደርስ ሲወርድ መንገድ ላይ የሚያገኘን ልጅ ነው። ከቡድናችን ማን ሊደክም ይችላል ብትሉኝ ኖሮ የሱን ስም መጨረሻ ላይ ነበር የምጠራው።

የካቲት 23 ቀን 2015፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ20 ላይ ግን ወንዶ ገነት ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው የሸንኮራ ክምር አጠገብ ቁጭ አለ። ከዚያ መነሳት አቃተው።

ይህን የምጽፈው የዚያን ቀን ጉዞ አስተባባሪ እኔ ስለነበርኩ ነው። መጠየቅ የነበረብኝን ሳልጠይቅ ነው ሰው ይዤ የወጣሁት። ልጁም «ስሜን ብቻ ተወው እንጂ ሁሉንም ጻፈው» ብሎኛል። ብዙ የሃይኪንግ ቡድን እየተቋቋመ ስለሆነ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ መንገዱን ላሳያችሁ። ከሀዋሳ ወንዶ ገነት በመኪና የሚሄድ ሰው በጥቁር ውሃ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ ያቀናና ከተማው ሳይደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ዙሪያ ጥምጥም ነው። ካርታ ላይ ስታዩት ግን ሁለቱ ቦታዎች ቅርብ ናቸው። መሃላቸው የጨለለቃ ረግረግ ነው ያለው፣ የጥቁር ውሃ ወንዝ ከዚያ ወጥቶ ነው ሐይቁ የሚገባው። እኛ የረግረጉን ዳር ይዘን፣ በገጠር ጥርጊያ መንገድ፣ በእንሰት ጓሮና በጫት ማሳ መሃል አድርገን ፍል ውሃው ጋ ለመድረስ፣ ከዚያም በላይ ያለውን ደን ወጥተን ጉሬዛ አይተን ለመመለስ ነበር ያሰብነው። በስልካችን ስንለካው ከ25 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከሀዋሳ ከፍታ ተነስተን የምንወጣው ዳገት በድምሩ ወደ 400 ሜትር ይሆናል። ከባድ የሚባል መንገድ አይደለም። ችግሩም እሱ ነው፣ ከባድ ስላልመሰለን አልተዘጋጀንበትም።

ሰባት ነበርን። ሁለቱን ልንገራችሁ፣ ታሪኩ ውስጥ ስላሉ። አንዷ ነርስ ናት፣ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ሌላዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ 58 ዓመታቸው ነው፣ ቲቸር እንላቸዋለን። ቲቸር የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ አለ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ የዓድዋ በዓል። በዓል ስለሆነ ነው የመረጥነው። ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ መሆኑን አላሰብኩበትም። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ። ጾሙ መግባቱን አውቃለሁ፣ በየምግብ ቤቱ አያለሁ። ግን ከኛ መሃል እህል ውሃ ሳይቀምስ የሚወጣ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም። በቴሌግራም የላክሁት መልእክት ላይ የመነሻ ሰዓት አለ፣ የመገናኛ ቦታ አለ፣ «ጥሩ ጫማ አድርጉ» የሚል አለ። ስለ ምግብ የጻፍኩት «ስንቅ ያዙ» የሚለውን ብቻ ነው።

ገብርኤል አደባባይ ተገናኝተን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳን። አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ደስ ይላል። ልጁ ከፊት ነው። የቲቸርን ጃኬት፣ የሲስተርን የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳ፣ የኔን ካሜራ ሳይቀር «አምጡ እኔ ልያዝ» ብሎ ሰብስቦ ተሸክሟል። ማታ ዲኤስቲቪ ቤት አምሽቶ ነበር፣ አርሰናል ኤቨርተንን 4 ለ 0 ያሸነፈበት ጨዋታ። እያንዳንዱን ጎል እየተረከ ነው የሚሄደው። እኛም እየሳቅን ከኋላው እንከተላለን። የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ጨረስነው። ያኔ ኮርቼ ነበር። ዛሬ ሳስበው ጉዞው የተበላሸው እዚያው ላይ ነው።

3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ልጁ ወሬ አቆመ። ማንም ልብ አላለውም። ትንሽ ቆይቶ ከፊት ወደ መሃል መጣ፣ ከመሃል ወደ ኋላ ቀረ። እኔ ከኋላ ስለነበርኩ የእግሩን ዱካ አያለሁ። አቧራው ላይ የሌሎቻችን ጫማ ቁልጭ ያለ ቅርጽ ይተዋል። የሱ ግን ከኋላው ረዘም ያለ ጭረት አለው። እግሩን እያነሳ ሳይሆን እየጎተተ ነበር የሚራመደው። ይህን በዓይኔ እያየሁ «ጫማው ከብዶት ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። 4 ሰዓት ተኩል ላይ አንዱ ጓደኛችን ሲቀልድበት «ተወኝ በቃ!» ብሎ ጮኸበት። ይህ ልጅ ሰው ላይ አይጮህም። ያኔም ተናደደ አልን እንጂ ደከመ አላልንም።

ከዚያ ሸንኮራ ሻጯ ጋ ደረስን። ወንዶ ገነትን የሚያውቅ ሰው ሸንኮራውን ያውቃል፣ መንገድ ዳር ተከምሮ ነው የሚሸጠው። ልጁ ክምሩን ተደግፎ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። ላቡ ችፍ ብሎ ይወርዳል፣ እጁን ስይዘው ግን ቀዝቃዛ ነው። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ።

መጀመሪያ ያወቁት ቲቸር ናቸው። «ስኳሩ ወርዷል!» አሉ ወዲያው። ስንት ጊዜ በራሳቸው ላይ አይተውታል። ሲስተር ጥላ ውስጥ አስተኝታው እግሩን ቦርሳ ላይ ከፍ አደረገች። የልብ ምቱን ቆጠረች፣ በጣም ይፈጥናል። ምላሱን አየች፣ ደርቋል። «ሽንትህን መቼ ነው የሸናኸው?» ስትለው ሌሊት ሲነሳ እንደሆነ ነገራት። ስሙንና ቀኑን ጠየቀችው፣ ቀስ ብሎ ግን በትክክል መለሰ። በኋላ እንደነገረችኝ ይህን የጠየቀችው ሆን ብላ ነው። ቢቀባጥር ወይም ሰውነቱ እንደ እሳት የሚያቃጥል ቢሆን ኖሮ አንዲት ደቂቃ ሳታባክን ወደ ሆስፒታል ነበር የምትወስደው፣ ያ የሙቀት ምት ነው፣ ሰው ይገድላል።

«ውሃውን አምጡልኝ» አለች። ቦርሳውን ከፈትኩት። ሦስት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አለ። አንዱን አውጥቼ ክዳኑን ሳዞረው ጠቅ አለ። እሽጉ አልተነካም። ሁለተኛውን አየሁ፣ እሱም እንደታሸገ ነው። ሦስተኛውም። አምስት ሰዓት ሙሉ ሦስት ኪሎ ውሃ ጀርባው ላይ ተሸክሞ አንድ ጠብታ አልቀመሰም።

«ጾመኛ ነህ እንዴ?» አልኩት።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ቲቸር ከረሜላ ሲሰጡት እጁን አላነሳም። «ቲቸር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የቀረኝ» አለ።

ቲቸር አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። እሳቸውም ጾመኛ ናቸው፣ መድኃኒት ስለሚወስዱ ግን ጠዋት እህል እንዲቀምሱ የንስሐ አባታቸው ፈቅደውላቸዋል። «ልጄ» አሉት፣ «የታመመ ሰው አይገደድም። አንተ አሁን ታመሃል። ለንስሐ አባትህ ስትነግር እኔም አብሬህ እመጣለሁ።» ትንሽ ዝም ብሎ ከረሜላውን ተቀበላቸው።

ሸንኮራ ሻጯ ከጎረቤት ሱቅ ስኳርና ጨው፣ ከቤቷ የሻይ ማንኪያ አመጣች። ሲስተር በአንድ ሊትሩ ሃይላንድ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራ በጠበጠችው። ማንኪያው ያልተቆለለ፣ ልኩን የያዘ መሆን አለበት። ኦአርኤስ የሚባለው፣ በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት ፓኬት በሌለበት ቤት ውስጥ የሚሠራው ይኸው ነው። በአንድ ጊዜ እንዳይጠጣው ከለከለችው፣ ሁለት ሁለት ጉንጭ እያለች በየደቂቃው ሰጠችው። ባዶ ሆድ ላይ ቢገለብጠው ያስመልሰዋል።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኑ ተመለሰ። ግማሽ ሰዓት ሲሆነው ሸንኮራ እየጋጠ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነስቶ ቆመ፣ «እንቀጥል» አለ። እኔ አልቀጠልኩም። ባጃጅ ጠርተን ወደ ታክሲ መነሻው ሄድን፣ ሁላችንም አብረን ወደ ሀዋሳ ተመለስን። ደኑን አላየነውም።

በማግስቱ ማታ ሻይ ቤት ተቀምጠን ልጁ ከረቡዕ ጀምሮ ያደረገውን ሰዓት በሰዓት ጻፍን። ሲስተር ናት ያስጻፈችን። ከመንገዱ ይልቅ ብዙ የተማርኩት ከዚያች ወረቀት ነው።

ረቡዕ እሱም ጾም ስለሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የበላው። እራት በምሽቱ 2 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ምንም። ጨዋታው ሲያልቅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል አልፏል፣ 7 ሰዓት ተኛ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ሦስት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ማለት ነው። ሸንኮራው ጋ እስኪቀመጥ ድረስ ካለ እህል ውሃ ከ15 ሰዓት በላይ ሆኖታል። ቦርሳውን ማታውኑ መዝነነው ነበር፣ 11 ኪሎ። ከዚህ ውስጥ የራሱ ግማሹም አይሆንም።

አሁን ሰውነት ጉልበቱን ከየት እንደሚያመጣ ትንሽ ላብራራ፣ ይህን ካላወቅን ሁሉም ነገር የወኔ ጉዳይ ይመስለናል። የምንበላው እህል ወደ ስኳርነት ተለውጦ ለወዲያው ያልተፈለገው ግላይኮጅን ሆኖ ይቀመጣል። ጉበት ወደ 100 ግራም ይይዛል፣ ጡንቻዎች በአንድነት ወደ 400 ግራም። ሁሉም ሲደመር ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ነው። በሜዳ ላይ የሚራመድ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ50 እስከ 70 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል፣ ሸክምና ዳገት ሲጨመር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ስብም አለን፣ ያውም ለብዙ ቀን የሚበቃ። ስብ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። በዝግታ ስትራመድ ሰውነትህ አብዛኛውን ከስብ ይወስዳል። ስትፈጥን ስብ አይደርስልህም፣ ስኳሩን ይጨርሳል። ለዚህ ነው ፍጥነት ከርቀት በላይ የሚያደክመው። ልጁ በመጀመሪያው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያወጣው ለቀኑ ሙሉ መቆጠብ ከነበረበት ስኳር ነው።

የጉበቱ 100 ግራም ደግሞ ሌላ ባለቤት አለው። አንጎል በቀን ወደ 120 ግራም ግሉኮስ ይፈልጋል፣ ተኝተን እያለንም ይበላል። ስለዚህ ጠዋት ስንነሳ የጉበት ጎተራ ጎድሏል። ቁርስ የሚሞላው እሱን ነው። ካልተሞላ፣ እግር ገና ጉልበት እያለው ጭንቅላት ይዳከማል። ወሬ ማቆሙ፣ መነጫነጩ፣ እግሩን መጎተቱ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው። የጉልበት ማለቅ የመጀመሪያው ምልክት ጉልበት ላይ አይታይም። ይህን ባውቅ ኖሮ 3 ሰዓት ተኩል ላይ አስቆመው ነበር።

ውሃው ደግሞ የባሰ ነው። የካቲት በሀዋሳ ሙቀቱ የሚበረታበት ወቅት ነው፣ ቀትር ላይ 30 ዲግሪ ይጠጋል። በዚህ ፀሐይ የሚራመድ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ላብ ያወጣል። ውሃው ሲቀንስ ደሙ ይቀንሳል፣ ልብ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቶሎ ቶሎ ትመታለች። ላብ ውስጥ ጨውም አብሮ ይወጣል። ሲስተር ሲቆርቋት የነበረው ታዲያ ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ መምጣታቸው ነው፣ ስኳርም ውሃም በአንድ ቀን ማለቃቸው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። ከኛው መሃል አንዱ በተቃራኒው ወደ አምስት ሊትር ባዶ ውሃ ጠጥቶ ነበር፣ ምንም ጨው ያለው ነገር ሳይበላ። ማታ ራሱን አመመው፣ አቅለሸለሸው። ሲስተር ጨው እንዳነሰው ጠረጠረች። ብዙ ባዶ ውሃ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል፣ ከበረታ አደገኛ ነው። ስለዚህ «ውሃ በብዛት ጠጡ» የሚለው ምክር ብቻውን ግማሽ ነው። ሲጠማችሁ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ከጨዋማ ነገር ጋር።

እና ቲቸር? ቲቸር ምንም አልሆኑም። 58 ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው፣ ግን ከሁላችንም ተሽለው ነበር የተመለሱት። ምን እንዳደረጉ ስንጠይቃቸው ኪሳቸውን ገልብጠው አሳዩን። በትንሽ ፌስታል የዳቦ ቆሎ ፍርፋሪ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ እፍኝ፣ ሳይርባቸው። «እኔ እኮ ሲርበኝ ከበላሁ ዘግይቻለሁ» አሉን። የሐኪም ትዕዛዝ ነው ለሳቸው። እኛ ያንን ልማድ ከሳቸው ወስደን ለሁላችን አደረግነው።

ስለ ስንቅ ስናወራ ከውጭ የሚመጣውን የጉልበት ባር መፈለግ አያስፈልግም፣ እሱም ሀዋሳ ውስጥ ውድ ነው። በረጅም እንቅስቃሴ ላይ ያለ ሰው በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳር ወይም ስታርች ቢያገኝ ይመከራል። በሶ ከመቶ ግራሙ ወደ 70 ግራም ያህሉ ያው ስታርች ነው። ሁለት ጥሩ እፍኝ በሶ በውሃ፣ በስኳርና በቁንጥጫ ጨው ተበጥብጦ ለአንድ ሰዓት ይበቃል። መካከለኛ ሙዝ ከ25 ግራም በላይ ይሰጣል። ቆሎ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ግን ለውዙ ከበዛ ስብ ነው፣ ለማታ ካምፕ እንጂ ለዳገት ቀድሞ አይደርስም። ደረቅ ቆሎ ያለ ውሃ እየቆረጠሙ መሄድም ጉሮሮ ያደርቃል፣ ሞክሬዋለሁ። ያን ቀን የዓድዋ በዓል ነበር እንዳልኳችሁ። በ1888 ያን ሁሉ አገር በእግሩ ያቋረጠ ዘማች በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ድርቆሹን አስይዞ የሚሸኝ ቤተሰብ ነበረው። ስንቅ የሚለው ቃል በቋንቋችን ውስጥ እንዲህ ከባድ ቦታ የያዘው በምክንያት ነው። እኔ «ስንቅ ያዙ» ብዬ ስጽፍ ቃሉን እንደ ማሳሰቢያ ነበር የተጠቀምኩበት፣ ምን፣ ስንት፣ በየስንት ሰዓቱ አላልኩም።

ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ከቲቸር ጋር ንስሐ አባቱ ጋ ሄደ። ቲቸር ቃላቸውን ጠብቀዋል። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። ከዚያ ሲወጣ ግን ደወለልኝና «መንገዱን ልጨርሰው እፈልጋለሁ፣ ጾሜንም አልፈታም» አለኝ። መልሱን ያገኘነው ቀላል ቦታ ላይ ነው። በሁዳዴ ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውሃ መከልከል የለም፣ ከቅዳሜ ሥዑር በስተቀር። ስለዚህ ቅዳሜ እንሂድ።

መጋቢት 16 ቀን 2015፣ ቅዳሜ። ከመጀመሪያው ጉዞ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ። በዚህ ጊዜ መልእክቱ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «የምትጾሙ ማን ናችሁ? የምትወስዱት መድኃኒት አለ?» የሚል ነበር። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ያለው ጓደኛችን መለሰ፣ ረመዳን ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ባለፈው ጉዞ ሰባታችን ውስጥ ነበር። ባልጠይቅ ኖሮ ዝም ብሎ ይመጣ ነበር፣ እሱ ራሱ ነው ይህን ያለኝ። አብረን ተነጋገርን፣ በእግር እንዳይሄድ፣ ከሰዓት በኋላ ግን በሚኒባስ መጥቶ ፍል ውሃው ጋ እንዲጠብቀን ተስማማን።

የተቀረነው ስድስት ሆነን ከዚያው ከገብርኤል፣ በዚያው 12 ሰዓት ከሩብ ተነሳን። አርብ ማታ ሁሉም ከ3 ሰዓት በፊት ተኝቷል፣ ጨዋታ ቢኖርም ባይኖርም። ልጁ 11 ሰዓት ላይ በሶ በስኳር፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ወስዷል። ቦርሳውን እኔ ራሴ መዘንኩት፣ ስድስት ኪሎ ተኩል። ካሜራዬን እኔ ያዝኩ።

ከፊት ያደረግነው ቲቸርን ነው። ከሳቸው ማንም አይቀድምም። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ያቃተው ሰው ካለ ሁላችንም ቀስ እንላለን። በየ45 ደቂቃው ስልኬ ይጮሃል፣ ቆመን ወይም እየሄድን አንድ ነገር እንቀምሳለን። በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ተቀምጠን ጫማ እናላቅቃለን። ልጁ መጀመሪያ ላይ በጣም ተቸገረ። እግሩ መፍጠን ለምዷል፣ ቲቸርን እየደረሰባቸው ይቆማል፣ ይመለሳል። «ቲቸር፣ እንዲህ ከሄድን ማታ ነው የምንደርሰው» አለ። የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ25 ነው የጨረስነው። ከመጀመሪያው ቀን በ40 ደቂቃ ዘግይተናል።

ሸንኮራ ሻጯ ጋ የደረስነው 5 ሰዓት ከ25 ላይ ነው።

አምስት ደቂቃ! ያን ቀን በሩጫ የመሰለ ጉዞ 5 ሰዓት ከ20 የደረስንበት ቦታ፣ በየሰዓቱ እየተቀመጥን፣ እየበላን፣ እያወራን 5 ከ25 ደረስን። የመጀመሪያው ቀን ካተረፍነው 40 ደቂቃ 35ቱን ልጁ እግሩን መጎተት ከጀመረ በኋላ መልሰን ከፍለነው ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ከ10 ኪሎ ሜትሩ በኋላ ማንም ሰዓት ስላልያዘ አላየነውም። ልጁ ስልኩን ደጋግሞ አየ። ሴትየዋ አወቀችው፣ ሳቀች፣ አንድ ሸንኮራ ቆርጣ ሰጠችው፣ ገንዘብ አልቀበልም አለች።

ከዚያ ዳገቱን ወጣን። ለዳገት የምጠቀምባት አሮጌ ሒሳብ አለች፣ ዊሊያም ናይስሚት የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣት፣ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። በኛ መንገድ ወደ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ጉዞ ይመጣል፣ ዕረፍት ሳይቆጠር። በሷ ሒሳብ፣ የዕረፍቱን ጨምሬ፣ 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ደኑ ውስጥ እንሆናለን ብዬ ነበር። 7 ሰዓት ተኩል ሆነ፣ ጥሩ ነው። ዳገት ላይ ቲቸር አጭር አጭር ይራመዳሉ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የኋላውን እግር ቀጥ አድርገው ለቅጽበት ያርፉበታል፣ ክብደቱን አጥንት እንጂ ጡንቻ እንዳይሸከመው። ማን እንዳስተማራቸው ስጠይቃቸው ልጅ ሆነው ውሃ ሲቀዱ እንደሆነ ነገሩኝ። ዝግባው ስር ስንደርስ ከላያችን ጉሬዛዎች ነበሩ። ልጁ ቀና ብሎ ጎል ይተርክ ጀመር፣ የትኛው ጨዋታ እንደሆነ አላስታውስም። ማውራቱ ነበር የሚያስደስተኝ።

ፍል ውሃው ጋ ጓደኛችን ጠብቆን ነበር። አብረን በሚኒባስ ተመለስን።

አሁን ምን እናደርጋለን ለምትሉኝ፣ በሁዳዴ የሥራ ቀናትና በረቡዕ፣ በአርብ ረጅም ጉዞ አናደርግም። የቲቸር የስኳር መለኪያ ሁልጊዜ አብሮን ይወጣል። ኦአርኤስ ሁለት ፓኬት ሲስተር ቦርሳ ውስጥ አለ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት አዲስ ሰው ሲመጣ ቀድሞ ሐኪሙን እንዲያማክር እንነግረዋለን፣ ያለዚያ አንወስደውም። ወሬ ያቆመን ሰው እንጠይቃለን። ለዚህ ማፈር የለም።

ለጓደኛችን ግን ሌላ ነገር አሰብን። በቀጣዩ ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ከበረደ በኋላ፣ ታቦርን በዝግታ ወጣን። አጭር ናት፣ ለጾመኛም ትሆናለች። ልጁም መጣ፣ እሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልቷል። ሐይቁ ላይ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፣ ጓደኛችን ቴምር በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። አዛኑ ከታች ከከተማው ሲሰማ ልጁ የሃይላንዱን ክዳን ጠቅ አድርጎ ከፈተና አቀበለው።